የድካም ዋጋ

በቋንቋችን ለማኝን «የኔ ቢጤ» ማለታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቃሉን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ትሑት ሰው ሳይሆን አይቀርም። እጁን ዘርግቶ ከደጃፉ የቆመውን ሰው «ከእኔ በታች ያለ» አላለውም፤ «እኔን የመሰለ» አለው። ዕድል ትንሽ ዞር ብትል ኖሮ እኔም በእሱ ቦታ እቆም ነበር ማለቱ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲመላለስ ኖሮ ትሕትናው ተሟጦ አልቋል። ጨዋ ሰው «የኔ ቢጤ ትመስላለህ» ቢሉት ይጣላል እንጂ አያመሰግንም።

ይህን ማንሣቴ ስለ ልመና ለመጻፍ አይደለም። ልጽፍበት የተነሣሁት ከልመና እጅግ የራቀ ስለሚመስል ጉዳይ ነው፤ ስለ ስብሰባ። ነገሩን ግልጥ ላድርገው። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት በሚደረግ ጉባኤ፣ ዐውደ ጥናት ወይም «ወርክሾፕ» ላይ መድረክ ወጥቶ የሚናገር አካል ጉዳተኛ የድካሙ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል ወይስ አይገባም?

አንባቢ «ይህም ጥያቄ ሆኖ!» ይል ይሆናል። አገሩ ስንት የከበደ ነገር ተሸክሞ ሳለ የአንድ ሰዓት ንግግር ዋጋ ምን ያህል ቢያነታርክ ነው? እንዲህ የሚሉኝ ወዳጆችም አሉኝ። ነገር ግን አንዳንድ ጥያቄ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። ጠባብ ነው፤ ዓይንን ሲያስጠጉበት ግን የቤቱ ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ ይታያል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ግራ እግሬን ፖሊዮ የመታኝ በአራት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሄደው በምርኩዝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምሬ በጡረታ ተሰናበትሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ዓድዋ ጦርነት ወይም ስለ ዘመነ መሳፍንት ንግግር አድርግልን ብሎ የጋበዘኝ ስብሰባ የለም። ስለ እግሬ እንድናገር ግን ቁጥሩን እስክረሳ ድረስ ተጠርቻለሁ። በተለይ በየዓመቱ ኅዳር 24 ቀን ግድም፣ የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን ሲቃረብ፣ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል።

አንድ ጊዜ የደወለችልኝ ልጅ ድምፅዋ ትሕትና የተሞላ ነበር። የድርጅቷን ስም አላነሣም፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

«ጋሼ፣ የሕይወት ተሞክሮዎን እንዲያካፍሉን ብዬ ነበር የደወልኩት።»

«ለስንት ሰዓት ነው የምናገረው?»

«አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄና መልስ ይኖራል። ጽሑፉን ቀደም ብለው ቢሰጡን ደግሞ በጣም ደስ ይለናል።»

«መልካም። ክፍያው እንዴት ነው?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ቆይታ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ለእናንተው ብለን ነው» አለችኝ።

ልጅቱን አልተቀየምኋትም። ክፉ ልብ ኖሯት የተናገረችው አልነበረም። ሆኖም «ለእናንተው» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔ አንድ ነገር ልሰጥ የተጠራሁ መስሎኝ ነበር። ጽሑፍ ላዘጋጅ፣ አርባ ደቂቃ ልቆም፣ ለጥያቄ ልመልስ። በእሷ ዘንድ ግን ተቀባዩ እኔ ነኝ። ስብሰባው ለእኔ የተደረገ ስጦታ ነው፤ ስጦታ የተሰጠው ሰው ደግሞ ዋጋ አይጠይቅም። በአንዲት ቃል ሰጪና ተቀባይ ቦታ ተለዋወጡ። ይህ አስተያየት የእሷ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን እንኳ በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን ከአረጋውያንና አሳዳጊ ካጡ ሕፃናት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰብስቦ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲደግፋቸው ያዛል። መልካም ትእዛዝ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ግን ሲደገፍ ብቻ የታየ ሰው አንድ ቀን ሲሠራ ቢታይ፣ ሥራው ሥራ መሆኑን ለማመን ዓይን ጊዜ ይፈልጋል።

እስቲ አዳራሹን አብረን እንመልከተው። አዳራሹ የሆቴል ነው፤ ኪራይ አለው። የጠዋቱና የከሰዓቱ ሻይ ቡና፣ ምሳውም ጭምር በሰው ልክ ተቆጥሮ ይከፈላል። ከመድረኩ ጀርባ የተሰቀለውን ባነር ያተመው ማተሚያ ቤት፣ ድምፅ ማጉያውን የተከለው ባለሙያ፣ ካሜራማኑ፣ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ያቀረበው ነጋዴ ሁሉም ደረሰኝ ቆርጠው ይቀበላሉ። ጥናት አቅራቢው አማካሪ ውል አለው። መድረክ መሪውም እንዲሁ። ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡት ተሳታፊዎች ከስማቸው ትይዩ ፈርመው ውሎ አበላቸውን ይወስዳሉ፤ ከምሳ በኋላ ያንቀላፋውም ሳይቀር። በዚህ ሁሉ መካከል በነፃ የቆመ አንድ ሰው ይፈለግ ቢባል የሚገኘው ስብሰባው ስለ እሱ የተጠራለት ሰው ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የምልክት ቋንቋው ነገር ነው። መስማት የተሳነው ተናጋሪ መድረክ ላይ ቆሞ በእጆቹ ይናገራል። አስተርጓሚው የእጆቹን ቃል ወደ ድምፅ ይመልሳል። አስተርጓሚው ይከፈለዋል። ሊከፈለውም ይገባል፤ እጅንም አእምሮንም የሚያደክም ብርቱ ሙያ ነው፣ በረጅም ስብሰባ ላይ ሁለት ሆነው የሚፈራረቁትም ለዚህ ነው። ነገር ግን አስቡት። ቃሉን ያሻገረው ሰው ዋጋ ሲቀበል የቃሉ ባለቤት ጭብጨባ ተቀብሎ ይወርዳል።

«በነፃ ተናገረ» የሚባለውም ቢሆን እውነት የለበትም። እኔ ወደ ስብሰባ ስሄድ ሚኒባስ ታክሲ አያስገባኝም፤ ረዳቱ ምርኩዜን ሲያይ ባዶው ወንበር «ሙሉ» ይሆንበታል። ስለዚህ ኮንትራት እይዛለሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ወንበሩን አጣጥፎ የሚጭንለት፣ ደረጃ ላይ የሚያነሣው ሰው ያስፈልገዋል። ዓይነ ስውሩ መሪ ይዞ ይመጣል፤ መሪውም ቀኑን ሙሉ ሥራውን ትቶ ነው። አንድ የማውቀው ሎተሪ አዟሪ አለ። ሁለቱም እግሮቹ አይሄዱም። ስብሰባ የዋለ ዕለት ሎተሪ አይሸጥም፤ ያልሸጠ ዕለት ደግሞ የሚገዛው እራት የለም። ይህ ሰው በነፃ ተናገረ አይባልም፤ ከኪሱ ከፍሎ ተናገረ ነው የሚባለው። አንድ ጊዜ ከፍሎ ተናገረ፤ ሁለተኛ ሲጠሩት ቀረ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ቦታ የሚናገረው ጡረታ ያለኝ እኔ ሆንሁ። አዳራሹ ስለ ድህነት የሚሰማው ድህነቱ ጠበቅ ካላደረገው ሰው ነው ማለት ነው። ይህን ማንም አስቦ አላደረገውም፤ የነፃው መድረክ ራሱ ተናጋሪውን መርጦ ነው።

አንዳንድ ጊዜ በመጨረሻ ላይ ፖስታ ይመጣል። አዘጋጁ ወደ ጥግ ወሰድ አድርጎ፣ ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ፣ ከኮትህ ኪስ ሸጎጥ ያደርጋትና «ለታክሲ ትሆንዎታለች» ይላል። ስንት እንደሆነች ቀድሞ አልተነገረህም፤ ፈርመህም አልተቀበልህም፤ ሰጪው ዓይንህን አያይም፣ አንተም የእሱን አታይም። እግዜር ይስጥልኝ ትላለህ። ያችው ገንዘብ ከሳምንት በፊት በደብዳቤ ተነግራህ በሕዝብ ፊት ፈርመህ ብትቀበላት ደመወዝ ትሆን ነበር። ምጽዋት ያደረጋት ማነሷ አይደለም፤ አሰጣጧ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳንቲም የሚሰጥ ሰው እጁን እንዴት እንደሚዘረጋ ያየ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ያው እጅ ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ልመለስ፤ ቀላል ሰዎች አይደሉምና።

የመጀመሪያዎቹ «ዓላማ ነው» ይላሉ። መብት የሚገኘው በትግል ነው፣ ትግል ደግሞ በአበል አይካሄድም፤ ለተናጋሪ የሚወጣው ብር ለስንት ልጅ ምርኩዝ ይገዛ ነበር ይላሉ። እኔ ዓላማን አልንቅም። ገና ወጣት ሳለሁ ጥቂት አካል ጉዳተኞች በአንድ ሰው ሳሎን እየተሰበሰብን፣ ለሻይ አዋጥተን፣ አቤቱታ በእጅ እየጻፍን በየቢሮው ስንዞር ማንም ማንንም አልከፈለም። የሚያስብም አልነበረም። ያ ደቦ ነበር። የገበሬ ልጅ የሆነ ሁሉ የደቦን ሕግ ያውቃል። በደቦ ማንም አይከፈለውም፤ ባለማሳው ጠላና እንጀራ ያቀርባል፣ ራሱም ማጭዱን ይዞ ከፊት ይሰለፋል። ከአጫጆቹ መካከል አንዱ ምንዳ እንደሚቀበል የታወቀ ዕለት ግን ደቦው ፈረሰ፤ ሌሎቹም ማጭዳቸውን አስቀምጠው ሒሳባቸውን ይጠይቃሉ። እንግዲህ የእኔ መለኪያ ይኸው ነው። በአዳራሹ ውስጥ ማንም የማይከፈለው ከሆነ እኔም በነፃ እናገራለሁ፤ ወንበር አስተካክል ቢሉኝም አስተካክላለሁ። አዘጋጁ በደመወዝ፣ አማካሪው በውል፣ እንግዳው በአበል ተቀምጠው እኔን ብቻ ለደቦ ከጠሩኝ ግን ነገሩ ደቦ አይደለም። ምርኩዝ ይገዛ ነበር የሚለውም ክርክር የሚነሣው ወደ ተናጋሪው አበል ሲደረስ ብቻ ነው። ስለ ምሳው ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ የበረታ ነው፤ ለረጅም ጊዜም አሳስቦኛል። እንዲህ ይላል፦ መድረክ ላይ የሚወጣው አካል ጉዳተኛ ምስክር ነው። የደረሰበትንና የተነፈገውን ይመሰክራል። ምስክር ደግሞ አይከፈለውም። በእኛ አገር «ተከፍሎት መሰከረ» ማለት «በሐሰት መሰከረ» ማለት ነው። ገንዘብ የነካው ቃል ይጠረጠራል፤ የሚከፈለው ሰው ከፋዩ መስማት የሚፈልገውን ይናገራል።

በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ግን ፍርድ ቤት እንኳ ምስክርን እንዲሁ ባዶ እጁን አይሰድም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ምስክር ለመምጣትና ለመዋል የሚያወጣውን ወጪ ያስብለታል። የሚታሰብለት ስለ ዋለበት ቀን ነው፤ ስለ ተናገረው ቃል አይደለም። ለከሳሽ ቢመሰክር ለተከሳሽ ልኩ አንድ ነው። ከምስክር ሌላ ደግሞ ፍርድ ቤት ባለሙያ ይጠራል። ሐኪሙን ስለ ቁስሉ፣ መሐንዲሱን ስለ ተሰነጠቀው ግድግዳ ይጠይቃል። ባለሙያው የሚናገረው የደረሰበትን አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው፤ ለዕውቀቱም ዋጋ ይቀበላል። ማንም ጉቦ በላ አይለውም።

ታዲያ እኔ ማን ነኝ፣ ምስክር ወይስ ባለሙያ? በዚያ አርባ ደቂቃ የተናገርሁት እንዴት ፖሊዮ እንደያዘኝ አልነበረም። የፈተና ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ተማሪው ፈተናውን ከመጀመሩ በፊት እንዴት እንደሚወድቅ ተናገርሁ። ርእሰ መምህር የክፍል ድልድል ሲያወጣ በአንዲት መስመር ምን ሊያቃና እንደሚችል ተናገርሁ። ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል የሚለውን መለኪያ ከመጽሐፍ ያነበበ አማካሪ ይከፈለዋል፤ ዝናብ ባረፈበት ሴራሚክ ላይ ምርኩዝ እንዴት እንደሚከዳ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠና የኖረው ሰው ግን «ተሞክሮ አካፈለ» ይባላል። ተሞክሮ የሚለው ቃል ዕውቀትን በነፃ ለመውሰድ የተፈለሰፈ ይመስለኛል። ባለሙያ ሆነን ተጠራን፤ ምስክር ተብለን ተሸኘን።

ጥያቄው የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ሥሩም ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 «ሪሃቢሊቴሽን ኢንተርናሽናል» የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በካናዳ፣ በዊኒፔግ ከተማ ጉባኤ አድርጎ ነበር። ጉባኤተኛው በአብዛኛው ሐኪምና የተሃድሶ ባለሙያ ነው። ከየአገሩ ከሚመጡት ልዑካን ግማሾቹ አካል ጉዳተኞች ይሁኑ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ጉባኤው አልተቀበለውም። በዚያ የነበሩት አካል ጉዳተኞች ተለይተው መከሩ፤ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሲንጋፖር ላይ የራሳቸውን ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። «ስለ እኛ ያለ እኛ አይሆንም» የሚለው መፈክርም እየዋለ እያደረ የንቅናቄው ሁሉ መፈክር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀውና አገራችን በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ይህንኑ በሕግ ቋንቋ አስቀመጠው። በአንቀጽ 4 መንግሥታት አካል ጉዳተኞችን በማኅበራቸው አማካይነት እንዲያማክሩና እንዲያሳትፉ ያዛል። ያው ስምምነት በአንቀጽ 27 ላይ ደግሞ እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ይላል። ሁለቱን አንቀጾች አጠጋግቶ ማንበብ ይቻላል። እስካሁን ግን የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ወንበሩ ተገኘ፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሥራ ላይ መሆኑ ገና አልታየም።

ክፍያን የምደግፍ ሰው ነኝና ክፍያ ስለሚያመጣው ጣጣ ዝም ብል አያምርብኝም። በዘመናችን እየቀሩ የመጡትን ላሊበላዎች፣ ሐሚናዎች የሚባሉትን፣ አንባቢ ያስታውሳል። ጎሕ ሳይቀድ ከደጃፍ ቆመው ያዜማሉ፤ የቤቱን ጌታ በስም ጠርተው ያወድሳሉ፤ ሲሰጧቸው መርቀው ይሄዳሉ። ማዜማቸውን ቢተዉ የቆዳ በሽታው፣ ሥጋ ደዌው፣ ይይዛቸዋል ተብሎ ይታመናል። ድምፃቸው ያማረ ቢሆንም የሚሰጣቸው ሰው ለድምፃቸው አይሰጥም፤ ለምርቃቱና ለእርግማኑ ፍርሃት ነው የሚሰጠው። አዝማሪ ግን ሌላ ነው። አዝማሪ ግጥሙ ከተዋጣለት ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል፤ ሙያው ነው የተሸለመው። የምፈራው ክፍያ ሲመጣ ተናጋሪያችን ወደ አዝማሪው ሳይሆን ወደ ሐሚናው እንዳይጠጋ ነው። ሰሚውን የሚያስለቅሰው ታሪክ የበለጠ የሚያስጠራ ከሆነ ተናጋሪው ቁስሉን ማሳመር ይለምዳል። በአሜሪካ ጄሪ ሉዊስ የተባለው ኮሜዲያን እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 2010 በየዓመቱ በቴሌቪዥን ይመራው የነበረ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። ጡንቻ የሚያልምሽሽ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት እየቀረቡ ተመልካቹ እያለቀሰ ይሰጣል። ልጅ ሳሉ ለዚያ ሥራ ፎቶግራፍ ከተነሡት መካከል አንዳንዶቹ አድገው እ.ኤ.አ. በ1991 ያንኑ ዝግጅት ተቃውመው ሰልፍ ወጡበት። ገንዘቡን የጠሉ አይመስለኝም፤ ገንዘቡ የተገዛበትን ነገር ነው የጠሉት።

አውስትራሊያዊቷ ጋዜጠኛ ስቴላ ያንግ እ.ኤ.አ. በ2014፣ በሞተችበት ዓመት፣ ሲድኒ ላይ ያደረገችው ንግግር በብዙ አገር ተሰምቷል። በዚያ ንግግር የተናገረችው አንድ ነገር እኔን በቀጥታ ያገኘኛል። በተሽከርካሪ ወንበርዋ ላይ ሆና አንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ሕግ ነክ ትምህርት ታስተምር ነበር። ትምህርቱ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ንግግርዎን መቼ ነው የሚጀምሩት ብሎ ጠየቃት። ልጁ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰው ትምህርት ቤት የሚገባው መንፈስ ሊያነቃቃ ብቻ ይመስለው ነበር። እኔም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በየመስከረሙ አዲስ ክፍል ስገባ ያንን ዓይን አይቼዋለሁ። ተማሪዎቼ ዘመነ መሳፍንት እስኪጀመር ድረስ ንግግሩን ይጠብቃሉ።

ስለዚህ ክፍያው እንዴት ይሁን? ልኩ ቀድሞ ይነገር፤ በጽሑፍ ይሁን፤ በዚያው መድረክ ለሚቆመው አማካሪ ከሚሰጠው አይነስ፤ ሰሚው ቢያለቅስም ቢቆጣም አይለዋወጥ። ታሪኩን ትቶ ስለ በጀት አንቀጽ የተናገረውም ያንኑ ይቀበል። የመጓጓዣና የረዳት ወጪ ከክፍያው ጋር አይደባለቅ፤ ያ የተናጋሪው ገቢ አይደለም፣ የአዳራሹ ደረጃ ዕዳ ነው። ይህ ሕልም አይደለም። በብሪታንያ ብሔራዊው የጤናና የክብካቤ ምርምር ተቋም በምርምር ሥራ ምክራቸውን ለሚለግሱ ሕሙማንና የኅብረተሰብ አባላት ስለሚከፈለው ዋጋ መመሪያ አውጥቷል፤ ለአንድ ሰዓት ስንት፣ ለሙሉ ቀን ስንት እንደሆነ ታትሞ የሚታወቅ ነው። እኛ ዘንድ የውሎ አበል ሠንጠረዥ ማውጣት ያቃተው መሥሪያ ቤት አላየሁም። አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው።

በጥንቃቄ ካልተደረገ ክፍያ የሚጎዳበትም ቦታ አለ። አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። በዚያ ኤስ.ኤስ.አይ. የተባለውን የመንግሥት ድጋፍ የሚቀበል አንድ አካል ጉዳተኛ ቁጠባውና ሌላ የሚቆጠርበት ንብረቱ በድምሩ ከ2,000 ዶላር ማለፍ የለበትም። ይህ ልክ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አልተነካም፤ ዳቦው ስንት ጊዜ እንደተወደደ ግን አንባቢ ይገምተዋል። ለንግግር የተከፈለ ገንዘብም እንደ ሥራ ገቢ ይቆጠራል። ጥቂቱ ከታለፈለት በኋላ ከእያንዳንዱ ሁለት ዶላር አንዱ ከድጋፉ ላይ ይቀነሳል። በጎ አሳቢ አዘጋጅ ዳጎስ ያለ ቼክ በድንገት ቢሰጠው ሰውየውን ከድጋፉ ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ እዚያ ያለ ተናጋሪ አንዳንድ ጊዜ ራሱ ክፍያው ይቅርብኝ ይላል። ይህን ያየ ሰው «እነሱ እኮ ገንዘብ አይፈልጉም» ብሎ ቢያወራ ሕጉን አላወቀም።

ሌላው የሚነሣው ስጋት «ባለሙያ አካል ጉዳተኞች» ይፈጠራሉ፤ ያው ሦስት ፊት ከመድረክ መድረክ ይዞራል የሚል ነው። ይዞራል፤ አሁንም እየዞረ ነው፤ እኔው አንዱ ነኝ። በነፃ መሆኑ አልከለከለውም፤ እንዲያውም ሎተሪ አዟሪውን አስቀርቶ እኔን ያዞረው ነፃነቱ ነው። ደግሞስ ባለሙያ መሆን ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው ስለ ታዘነላት አይደለም። ቤተ ሰቧ ከወደ እኛው አካባቢ የሆነው ሐቤን ግርማ ማየትም መስማትም ለተሳናቸው ሰዎች የመጀመሪያዋ የሃርቫርድ የሕግ ምሩቅ ሆና እ.ኤ.አ. በ2013 ተመረቀች፤ ንግግር ማድረግም አንዱ ሥራዋ ነው። ጥብቅና የሚቆም ሰው ዋጋውን ሲናገር ማንም አይደነግጥም።

ስለ ልግስናም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ የምከሰሰው ገንዘብ ወዳድ ተብዬ ስለሆነ። ለመስጠት መጀመሪያ የራስ የሆነ ነገር ያስፈልጋል። ክፍያ ያልቀረበለት ሰው በነፃ ሲናገር ለጋስ አይባልም፤ የሰጠው ነገር የለምና፤ ተወሰደበት እንጂ። ክፍያውን አቅርበውለት፣ አይቶ፣ «ይህን ለማኅበራችሁ አድርጉልኝ» ያለ ሰው ግን ሰጠ። አንድ ሁለት ጊዜ ይህን የማድረግ ዕድል ገጥሞኛል። ፈርሜ ከተቀበልሁ በኋላ መልሼ ሰጠሁ፤ ደረሰኝም ቆረጡልኝ። የዚያን ዕለት ምርኩዜ ቀለል ብሎኝ ነበር ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ኮንትራቱን እየተከራከርሁ ነው የያዝሁት።

አንድ ያልተፈታልኝ ነገር ቀርቷል። እስካሁን የተናገርሁት ለራሱ ስለሚናገር ሰው ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለበት ልጅ የምትናገር እናትስ? እንዲህ ያሉ እናቶች በየስብሰባው አሉ። ስለ ልጃቸው መጸዳጃ፣ ስለ ጩኸቱ፣ ጎረቤት በር ስለ መዝጋቱ፣ በቤት ውስጥ አስረውት ስለዋሉበት ቀን ሁለት መቶ ሰው ፊት ይናገራሉ። ድካሙ የእናት ነው፤ ይህን የሚጠራጠር ካለ አንድ ቀን ልጁን ይያዝላት። ታሪኩ ግን የልጁ ነው፤ እንዲነገርም እንዳይነገርም አልተጠየቀም። ዋጋ ቢከፈል የማን ነው? ለእናቲቱ ከሆነ የልጇን ገመና ሸጠች የሚል አይጠፋም። ለልጁ ከሆነ የሚቀበልለት ያችው እናት ናት።

አንዲት እንዲህ ያለች እናት ከስብሰባ በኋላ አብራኝ ታክሲ ስትጠብቅ ይህንኑ ጠየቅኋት። ሻንጣ በሚያህል ቦርሳ የልጁን ቅያሪ ልብስ ይዛለች።

«እትዬ፣ ቢከፍሉሽ ገንዘቡን የማን ነው ትይዋለሽ?»

ትንሽ አሰበችና ሣቀች።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ ጋሼ» አለችኝ። «ከፍሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»